ቁጥር እንዳይጠፋብን ምን እናድርግ?

የኡልፓናችን መምህርት እያንዳንዱ ተማሪ የሚያውቀውን ነገር ለጓደኞቹ በጽሑፍ እንዲያካፍል ስለጠየቀችን፣ እኔ ስለ ቁጥር አያያዝ ልጽፍላችሁ አሰብኩ።

እኔ በልጅነቴ ትምህርት ቤት ብዙም አልገባሁም። እርሳስ በደንብ የያዝኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ እዚሁ አገር መጥቼ ነው። ስለዚህ ይህ የተማረ ሰው ትምህርት አይደለም። በኡልፓን የሰማሁትን፣ ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ለሥራ ስመላለስ የሞከርኩትንና የጠቀመኝን ነው የምነግራችሁ።

ቁጥር ለምን ይጠፋብናል?

እዚህ አገር ሰው ከስሙ በፊት የሚጠየቀው ቁጥሩን ነው። ኩፓት ሆሊም ስንሄድ የቴኡዳት ዜሁት ቁጥር፣ ባንክ ስንሄድ የሂሳብ ቁጥር፣ ካስፖማት ላይ የሚስጥር ቁጥር፣ የሕንጻው በር ላይ የበር ኮድ፣ ሥራ ቦታ የሠራተኛ ቁጥር፣ አውቶቡስ ላይ የመስመር ቁጥር። ታዲያ ብዙዎቻችን ምን እናደርጋለን? ልጃችንን እንጠራለን። ልጆቻችን ይባረኩ፣ ቶሎ ይይዛሉ። ነገር ግን አባት የባንኩን የሚስጥር ቁጥር ከአስር ዓመት ልጁ ሲጠይቅ፣ እናት ሐኪም ፊት ቆማ ቁጥሯን ልጇ ሲመልስላት፣ ልጁ ወላጁን የሚያይበት ዓይን ቀስ እያለ ይለወጣል። ቤቱን የሚመራው ማን እንደሆነ ይጠፋበታል። እኔ ይህ ነገር ከሁሉም በላይ ስለሚያሳስበኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አንዳንድ ሰው «ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ አለ» ይላል። እውነት ነው፣ አለ። ግን ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ይጠፋል፣ ይሰበራል። የሚስጥር ቁጥርንም ስልክ ላይ ጽፎ መዞር ለሌባ በር ከፍቶ እንደመተው ነው።

ሌላው ደግሞ «እኔ እኮ አእምሮዬ ደክሟል፣ አልተማርኩም፣ አልይዝም» ይላል። ይህንን አልቀበልም። አገራችን እያለን ጋብቻ ሲታሰብ ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠር አልነበረም ወይ? ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከየትኛው መንደር እንዳገባ ሽማግሌዎች ወረቀት ሳይዙ ይናገሩ ነበር። እረኛም ከብቶቹን ሳይጽፍ ያውቃል፤ ማታ አንዲት ጥጃ ብትጎድል ያቺ ጥጃ የትኛዋ እንደሆነች ወዲያው ይናገራል። ይህ ሁሉ የአእምሮ ሥራ ነው።

ታዲያ ያን የያዘ አእምሮ ለምን ዘጠኝ ቁጥር ያቅተዋል? ምክንያቱ ይህ ነው። ጥጃዋ መልክ አላት፣ ቅድመ አያት ታሪክ አለው። ቁጥር ግን መልክም ታሪክም የለውም። እንግዲህ መላው ለቁጥሩ መልክና ታሪክ መስጠት፣ ከምናውቀው ነገር ጋር ማሰር ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዘዴዎች ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚወጡ ናቸው።

1ኛ. መከፋፈል

«ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ቁጥርም እንደዚያው ነው። መምህራችን እንደነገረችን፣ ጆርጅ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በፈረንጆች 1956 በጻፈው ጽሑፍ፣ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዘው ሰባት ያህል ነገር መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በላይ ሲሆን ይፈሳል። ነገር ግን ቁጥሮቹን በቡድን በቡድን ካሰርናቸው፣ አንዱ ቡድን እንደ አንድ ነገር ይቆጠራል።

የቴኡዳት ዜሁት ቁጥር ዘጠኝ ነው። ዘጠኙን በአንድ ትንፋሽ አትበሉ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት አድርጋችሁ ክፈሉት። የእጅ ስልክ ቁጥር አስር ነው፤ ሦስት፣ ሦስት፣ አራት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ደግሞ እንደ 050፣ 052፣ 054 ያሉ የታወቁ ናቸው፤ ሁልጊዜ በ05 ይጀምራሉ። ስለዚህ በእውነት የሚጠና አዲሱ ነገር ስምንት ብቻ ነው። የናታንያ የቤት ስልክ መነሻውም 09 ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ አከፋፈላችሁን አትለዋውጡ። ዛሬ ሦስት ሦስት፣ ነገ ሁለት ሁለት ካላችሁ አእምሮ ይደናገራል። ሁልጊዜ በአንድ ዜማ በሉት።

ስለ ቴኡዳት ዜሁት ቁጥር ሌላም ማወቅ የሚጠቅም ነገር አለ። የመጨረሻዋ ዘጠነኛ ቁጥር ዝም ብላ የተቀመጠች አይደለችም። ከፊተኞቹ ስምንት ቁጥሮች በሂሳብ የምትወጣ ጠባቂ ናት። ከዘጠኙ አንዷን ቁጥር ብቻ በሌላ ከለወጣችሁ ሂሳቡ አይገጥምም። ለዚህ ነው ጸሐፊዋ ቁጥሩን ስታስገባ ኮምፒውተሩ አንዳንዴ «አይሆንም» የሚለው። ያን ጊዜ አትደንግጡ፣ አትፈሩ። ቀስ ብላችሁ ሦስት ሦስት እያላችሁ እንደገና ንገሯት።

2ኛ. የዕብራይስጡን ቁጥር በራሳችን ቋንቋ መያዝ

ዕብራይስጥ ለአማርኛና ለግዕዝ የሥጋ ዘመድ ነው። የቄሶቻችንን ግዕዝ የሰማ ሰው አሐዱ፣ ሠለስቱ፣ አርባዕቱ፣ ሐምስቱ ሲባል ያውቃል። እስቲ አስተያዩት፦

አሐዱ — ኤሐድ
ሠለስቱ — ሻሎሽ
አርባዕቱ — አርባ
ሐምስቱ — ሐሜሽ
ስድስት — ሼሽ
ሰባት — ሼቫ
ስምንት — ሽሞኔ
ተስዓቱ — ቴሻ
አስር — ኤሴር

ግማሹን ይዘነው ነው የመጣነው ማለት ነው። ነገር ግን ዘመድም አንዳንዴ ያሳስታል። ተጠንቀቁ!

«አርባ» በዕብራይስጥ አራት ነው እንጂ አርባ አይደለም። አርባው «አርባዒም» ነው። «ሐሚሻ ሸካሊም» አምስት ሸክል ነው እንጂ ሃምሳ አይደለም፤ ሃምሳው «ሐሚሺም» ነው። «ሼቫ» ሰባት እንጂ ሰባ አይደለም። «ኤስሪም» ደግሞ ለጆሯችን አስር ይመስላል፤ እሱ ግን ሃያ ነው። መናሄሉ «አርባ ካርቶን አምጣ» ሲል አርባ ካርቶን የሚጭን ሠራተኛ ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል፣ ጊዜውም ይሄዳል። ሹክ (ገበያ) ላይ ደግሞ የአምስቱን ዕቃ የሃምሳ መስሎት ሳይገዛ የሚመለስ አለ።

መለያው ቀላል ነው። መጨረሻው «ኢም» ካለ ዜሮ ጨምሩበት። ሻሎሽ 3፣ ሽሎሺም 30። ሼሽ 6፣ ሺሺም 60። ሼቫ 7፣ ሺቪም 70። ኤስሪም ብቻ ከዚህ ይወጣል፣ እሱ 20 ነውና ለብቻው ይጠና። መጨረሻው «አይም» ካለ ደግሞ ሁለት ማለት ነው፤ ሽታይም 2፣ ማታይም 200፣ አልፓይም 2000።

ሌላ ልዩነት፤ እኛ «አስራ አምስት» ስንል አስሩን እናስቀድማለን። ዕብራይስጥ ግን አምስቱን ያስቀድማል፤ «ሐሜሽ ኤስሬ» ይላል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ «ኤስሬ» እስክትሰሙ ድረስ አትጻፉ። ከሃያ በላይ ሲሆን ግን እንደኛ ነው፤ «ኤስሪም ቬሐሜሽ»፣ ሃያ አምስት።

3ኛ. ሰዓትን ማዶ ለማዶ ማየት

የአገራችን ሰዓት ከንጋት ይቆጠራል፣ የዚህ አገር ከእኩለ ሌሊት። ልዩነቱ ስድስት ነው። መደመር መቀነስ ለሚያስቸግረው ሰው የሚከተለውን ዘዴ እነሆ። የግድግዳ ሰዓት ፊት አስቡ። የእኛ ሰዓት ሁልጊዜ ከዚህ አገር ሰዓት በትክክል ማዶ ነው ያለው። የ7 ማዶ 1 ነው፤ «ሼቫ ባቦከር» ማለት ከጧቱ አንድ ሰዓት ነው። የ8 ማዶ 2 ነው። የ12 ማዶ 6 ነው። እንደ 19:00 የተጻፈ ከሆነ መጀመሪያ 12 አውጡለት፣ 7 ይቀራል፤ ማዶው 1፣ ማታ አንድ ሰዓት ማለት ነው። የሚሽመረት (የፈረቃ) ወረቀት ስትቀበሉ እንዲህ አድርጋችሁ ብታዩት ለማንም ሳትነግሩ ሰዓታችሁን ታውቃላችሁ።

4ኛ. ለእያንዳንዱ ቁጥር መልክ መስጠት

ይህ ዘዴ ለእኔ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነው። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ላሉት ቁጥሮች ከአገራችን ቤትና እርሻ አንዳንድ ዕቃ ሰጠኋቸው።

0 — ምጣድ (ክብ ነውና)
1 — ምርኩዝ (ቀጥ ያለ)
2 — ጥማድ በሬ (ሁለት ናቸው)
3 — ጉልቻ (ሦስት ድንጋይ)
4 — ላም (አራት ጡት አላት)
5 — እጅ (አምስት ጣት)
6 — ማጭድ (ስድስት ቀን ይሠራበታል፤ ቅርጹም 6 ይመስላል)
7 — የሰንበት ዳቦ (በሰባተኛው ቀን)
8 — ሕፃን (በስምንተኛው ቀን ይገረዛል)
9 — ነፍሰ ጡር ሴት (ዘጠኝ ወር)

እነዚህን አስሩን ሁለት ሦስት ቀን ብትሏቸው ከእንግዲህ አይጠፏችሁም፤ እያንዳንዱ ምክንያት አለውና። አሁን በሥራ ላይ እናውላቸው። ከዚህ በታች ያሉት የዚህ አገር የአደጋ ስልኮች በሙሉ በ10 ይጀምራሉ። የሚለያቸው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው።

100 ፖሊስ — ሌባ ምጣድ ይዞ ሲሮጥ ፖሊስ ያዘው።
101 ማጌን ዳቪድ አዶም (አምቡላንስ) — ሕመምተኛ ምርኩዝ ተደግፎ ቆሟል።
102 እሳት አደጋ — ጥማድ በሬ ውኃ ጭነው ወደ እሳቱ ይሮጣሉ።
103 ሔቭራት ሐሽማል (መብራት) — ጉልቻው ላይ እንጨት ቀርቶ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተቀጥሏል።
104 የውስጥ ግንባር ጦር (ፒኩድ ሐኦሬፍ) — አዛካ (የማስጠንቀቂያ ድምፅ) ሲጮህ ላሟም ወደ ማማድ ትገባለች።
106 ኢሪያ (ማዘጋጃ ቤት) — ሠራተኛው በማጭድ የመንገዱን ሣር ያጭዳል።

ሥዕሉ የሚያስቅ ሲሆን ይበልጥ ይያዛል። ላም ማማድ ውስጥ ስትገባ ያየ ሰው ይረሳል ወይ? እባካችሁ እነዚህን ስድስቱን ዛሬውኑ ያዙ። ቤት ውስጥ ሰው ሲወድቅ ልጅ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፣ ስልክ ውስጥ ስም መፈለጊያ ጊዜም የለም።

የባንክ ካርድን የሚስጥር ቁጥር እንዲሁ በተረት ማሰር ይቻላል። ለምሳሌ 2738 ቢሆን፦ ጥማድ በሬ (2) እርሻቸውን ትተው የሰንበቱን ዳቦ (7) በሉት፤ ዳቦው ጉልቻ (3) ላይ ነበር፤ ጉልቻው አጠገብ የተኛው ሕፃን (8) ዳቦዬን ብሎ አለቀሰ። አለቀ። ይህን የሰማ ሰው ተረት ነው የሚለው፣ ቁጥር መሆኑን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ይህ ግን ምሳሌ ስለሆነ ለራሳችሁ ካርድ አታድርጉት። የትውልድ ዓመታችሁንም አታድርጉ፣ ቴኡዳት ዜሁታችሁ ላይ ተጽፏልና። ከካርዱ ጋር በአንድ ቦርሳ ጽፋችሁ አታስቀምጡ። በስልክ ደውሎ «ከባንክ ነኝ» ብሎ የሚስጥር ቁጥር ለሚጠይቅም አትንገሩ።

5ኛ. ከምናውቀው ታሪክ ጋር ማያያዝ

በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ነበር። በፈረንጆች 1980 ስለ እርሱ እንደተጻፈው፣ መጀመሪያ እንደ ማንኛችንም ሰባት ያህል ቁጥር ብቻ ነበር የሚይዘው። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሲለማመድ ግን ሰማንያ ያህል ቁጥር አንድ ጊዜ ሰምቶ መድገም ቻለ። ምን ነበር ዘዴው? ሰውየው ሯጭ ነበርና ቁጥሮቹን እንደ ሩጫ ሰዓት ያስባቸው ነበር። የሚገርመው ደግሞ በቁጥር ፈንታ ፊደላት ሲሰጡት ተመልሶ ስድስት ያህል ብቻ ያዘ። አእምሮው ተለውጦ አይደለም ማለት ነው። ቁጥርን ከሚያውቀው ነገር ጋር ማሰር ስለቻለ ነው።

የሩጫስ ነገር ለእኛ ይነገራል ወይ? አበበ ቢቂላ በፈረንጆች 1960 በሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ደረቱ ላይ የነበረው ቁጥር 11 ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው 21516 የሚል ቁጥር ቢሰጠው አምስት ቁጥር አይደለም የሚያጠና፤ «አበበ በሮም» ብሎ ይጨርሳል።

የራሳችን ሕዝብ ታሪክም አለ። የሰሎሞን ዘመቻ የተጀመረው በፈረንጆች ሜይ 24 ቀን 1991 ሲሆን በእኛ ግንቦት 16 ቀን 1983 ነው። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከ24 ላይ 16 ሲነሳ 8፣ ከ1991 ላይ 1983 ሲነሳም 8። ቀኑም ዓመቱም በስምንት ይለያያል። በዚያ ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ወደ እስራኤል ገባ።

የአይሁድ ሊቃውንትም ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ይጠቀሙበታል። በዕብራይስጥ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። «ላግ ባኦሜር» የሚለው ስም ላሜድ 30፣ ጊሜል 3፣ በድምሩ 33ኛው ቀን ማለት ነው። «ቱ ቢሽቫት» ቴት 9 እና ቫቭ 6፣ 15ኛው ቀን ነው። «ሎ አዱ ሮሽ» የሚባል አጭር ቃልም አለ። አሌፍ፣ ዳሌት፣ ቫቭ፤ ማለትም 1፣ 4 እና 6። ሮሽ ሐሻና በእሑድ፣ በረቡዕና በዓርብ እንደማይውል መያዣ ነው። እንግዲህ ሊቃውንቱ እንኳ ቁጥርን በቃል ካሰሩ፣ እኛ በበሬና በጉልቻ ብናስር ምን ነውር አለው?

6ኛ. ፖሌግ ሄዶ መለማመድ

ብዙዎቻችን ፖሌግ ለሥራ እንሄዳለን፤ ያልሄደም ይሄዳል። ቦታው ለቁጥር መለማመጃ የሚመች ነው። መጀመሪያ መንገዱን እዩ። ፖሌግ ያለው በመንገድ 2 አጠገብ ነው፤ ጥማድ በሬ በሉት። ከናታንያ በስተምሥራቅ ያለው መንገድ 4 ነው፤ ላም። ሁለቱም ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ከናታንያ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው ደግሞ 57 ነው። የዚህ አገር ዋና ዋና መንገዶች ቁጥር ሥርዓት አለው፤ እንደ 2 እና 4 ለሁለት እኩል የሚካፈለው ሰሜንና ደቡብ ያገናኛል፣ እንደ 57 የማይካፈለው ምሥራቅና ምዕራብ። ይህን ያወቀ ሰው የቆመበት ቢጠፋው እንኳ አቅጣጫው አይጠፋውም።

ከዚያ ኢኬአ ግቡ። መግዛት ግዴታ አይደለም። ይህ መደብር በእስራኤል የመጀመሪያው ኢኬአ ነው፤ በፈረንጆች 2001 ተከፈተ፣ በፈረንጆች 2011 ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ። ገዢው ላይኛው ክፍል ዕቃውን አይቶ ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ አንዱ የመተላለፊያው፣ ሁለተኛው የመደርደሪያው ነው። ከዚያ ታች ወርዶ ከማህሳኑ (ከመጋዘኑ) ራሱ ያወጣል። እስቲ በወረቀት ሳትጽፉ ሞክሩት። መተላለፊያ 14፣ መደርደሪያ 30 ከሆነ፦ ምርኩዝ የያዘ ሰው ላም እየነዳ ሄደ፤ ጉልቻው ላይ ምጣድ ተጥዶ አገኘ። ይዛችሁት ትወርዳላችሁ።

ስለዚሁ ኩባንያ አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። በፈረንጆች 1943 በስዊድን ያቋቋመው ኢንግቫር ካምፕራድ ማንበብና የቁጥር ኮድ መያዝ የሚያስቸግረው ሰው ነበር። ስለዚህ ለወንበሩ፣ ለአልጋው፣ ለመደርደሪያው ሁሉ በቁጥር ፈንታ ስም ሰጠው። እስከ ዛሬ ዕቃዎቹ በስም የሚጠሩት ለዚህ ነው። ቁጥር ስላስቸገረው «አልችልም» ብሎ አልተቀመጠም፣ ለቁጥሩ ስም አወጣለት።

መደጋገም

የትኛውም ዘዴ ያለ ድግግሞሽ አይጸናም። አዲስ ቁጥር የያዛችሁ ቀን ከአንድ ሰዓት በኋላ በሉት፤ ማታ ስትተኙ በሉት፤ በማግስቱ ጧት በሉት፤ ከሳምንት በኋላ አንዴ በሉት። በምትሉበት ጊዜ ወረቀቱን አስቀድማችሁ አትዩ። መጀመሪያ ከራሳችሁ አውጡ፣ ከዚያ ወረቀቱን አይታችሁ አረጋግጡ። በአንድ ቀን ሁለት ቁጥር አትጀምሩ። አንዱ ሲጸና ሌላው ይቀጥላል።

መልመጃ

ሀ. «ሺቪም ቬአርባ» ስንት ነው?
ለ. «ሼሽ ኤስሬ» ስንት ነው?
ሐ. «ማታይም ሐሚሺም» ስንት ነው?
መ. ሚሽመረቱ በ15:00 ይጀምራል። በእኛ ስንት ሰዓት ነው?
ሠ. ለ3906 ተረት ሥሩለት።

መልስ፦ ሀ. 74። ለ. 16። ሐ. 250። መ. ከቀኑ 9 ሰዓት (12 ሲወጣ 3፣ የ3 ማዶ 9)። የ«ሠ» መልስ የየራሳችሁ ነው። ጉልቻው አጠገብ ነፍሰ ጡሯ ምን እንዳደረገች፣ ምጣዱንና ማጭዱን የት እንዳስገባችሁ በክፍል ውስጥ እንጫወተዋለን።

በመጨረሻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን የራሳችንን የቴኡዳት ዜሁት ቁጥር ይዘን፣ ኩፓት ሆሊም ስንሄድ ልጅ ሳንጠራ በአፋችን እንናገር። ልጆቻችንም ይስሙን። ከዚያም ማታ ቁጭ ብለን ጉልቻውንና ጥማድ በሬውን እናስተምራቸው፤ እነሱ በሬ ሲጠመድ ምናልባት አላዩም። እነሱ ዕብራይስጡን ይሰጡናል፣ እኛ ጥበቡን እንሰጣቸዋለን።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በርቱ፣ ሰላም ሁኑ።